የሌላ ማሊያ ለብሶ ለሞተ ሰው

ውድ ወጣት ደጋፊዎች፣

"የተቀናቃኛችን ደጋፊ ሞተ ብዬ እኔ ምን አስለቀሰኝ?" የሚል ጥያቄ ከወጣቶች ደጋግሜ እሰማለሁ። አንዳንዱ በቁጣ ነው የሚጠይቀው። አንዳንዱ ግን ከልቡ ግራ ገብቶት ነው። እኔ ዛሬ የምጽፈው በተለይ ግራ ለገባው ነው።

ጡረታ የወጣሁ ሐኪም ነኝ። የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ያሳለፍኩት ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ደግሞ የአንድ ክለብ ቲፎዞ ነኝ። ክለቤን አልጠራም፤ ለምናወራው ነገር ለውጥ አያመጣም። ደርቢ፣ ማለትም ከከተማችን ባላንጣ ጋር የምናደርገውን ጨዋታ፣ በተሸነፍን ማታ እንቅልፍ አይወስደኝም። ስለዚህ ይህን የምላችሁ ኳስ ሳይገባኝ ቀርቶ፣ ወይም ፉክክሩን ንቄው አይደለም።

መልሴን ላስቀድም። አዎ፣ ማዘን ይገባል። ግን ሁለት ነገሮችን ለይታችሁ ያዙልኝ። እንባ በትእዛዝ አይመጣም፤ ማንም "አልቅስ" ሊላችሁ አይችልም። ክብር ግን በእጃችሁ ነው። ሐዘኑ ባይመጣላችሁም የሞተውን ሰው አለመሳደብ፣ በቤተሰቡ ቁስል ላይ እንጨት አለመስደድ ትችላላችሁ። እኔ ከዚህም አልፌ፣ ነገሩን በደንብ ብታውቁት ሐዘኑ ራሱ ይመጣል እላለሁ። ለምን እንደሆነ ላስረዳ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስታዲየም ውስጥ በሕዝብ ግፊያ የሚሞት ሰው እንዴት እንደሚሞት ብዙዎቻችሁ በትክክል አታውቁም። "ተረጋግጠው ሞቱ" ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሰው ቆሞ ነው የሚሞተው። ለመተንፈስ ደረት መስፋት አለበት። ከፊትም ከኋላም ሲጨመቅ ደረቱ መስፋት ያቅተዋል። አየር በዙሪያው ሞልቷል፤ አፉም ክፍት ነው፤ ሳንባው ግን ሊስበው አይችልም። ብዙም ሳይቆይ ራሱን ይስታል። ደቂቃዎች ሲያልፉ አንጎሉ ይጎዳል፣ ከዚያ ልቡ ይቆማል። መውደቂያ ቦታ ስለሌለ ሞቶም ቆሞ ሊቆይ ይችላል። ከኋላው ያለው ሰውም ክፉ ሆኖ አይደለም የሚገፋው። እሱም እየተገፋ ነው። ፊት ለፊት ምን እየሆነ እንዳለ አያይም።

ኤፕሪል 15 ቀን 1989 እንግሊዝ ውስጥ ሼፊልድ ከተማ፣ ሂልስቦሮ ስታዲየም ውስጥ የሆነው ይህ ነው። ሊቨርፑልና ኖቲንግሃም ፎረስት የኤፍኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ሊጫወቱ ነበር። የሊቨርፑል ደጋፊዎች የተመደቡት ሌፒንግስ ሌን በሚባለው በኩል ነው። መግቢያው ጠባብ ስለነበር ውጭ ሕዝብ ተከማቸ። ፖሊስ ትልቁን የመውጫ በር አስከፈተ። ሕዝቡ ፊት ለፊት ባገኘው መተላለፊያ ገባ። መተላለፊያው የሚያደርሰው ግን ቀድሞ ወደሞላው መሐል ቦታ ነበር። ቦታው በጎንም በፊትም በብረት አጥር የታጠረ ነው። ጨዋታው ከተጀመረ ከ6 ደቂቃ በኋላ ቆመ። 97 ሰዎች ሞቱ። ትንሹ የ10 ዓመት ልጅ ነው። የመጨረሻው ሟች በዚያን ቀን በደረሰበት የአንጎል ጉዳት ሲሰቃይ ኖሮ በ2021 ነው ያረፈው።

እንደ ሐኪም እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ቁጥር አለ። በ2012 ጉዳዩን እንደገና የመረመረው ገለልተኛ ቡድን፣ ከሟቾቹ 41ዱ ፈጣን ሕክምና ቢያገኙ ሊተርፉ ይችሉ እንደነበር ገልጿል። 41 ሰው! ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይህን ቁጥር አንብቦ ዝም ብሎ ገጹን አይገልጥም።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ የምመለሰው በሌላ ዓመት በኩል ነው። በ1981፣ ማለትም ከአደጋው 8 ዓመት በፊት፣ እዚያው ሂልስቦሮ ሌላ ግማሽ ፍጻሜ ተደርጎ ነበር። ቶተንሃም ከዎልቭስ። ያኔ ሌፒንግስ ሌን የደረሰው ለቶተንሃም ደጋፊዎች ነው። እዚያው ቦታ፣ ያው ግፊያ ደረሰ። 38 ሰዎች ተጎዱ፤ አጥንታቸው የተሰበረም ነበሩ። ብዙዎች አጥር ዘለው ሜዳው ዳር ተቀምጠው ጨዋታውን አዩ። በዚያን ቀን ማንም አልሞተም። ነገሩም ተረሳ።

ይህን አስቡት። ያ ቦታ ማሊያ አይመርጥም ነበር። በዚያ ቀን የማን ደጋፊ በዚያ በር እንደሚገባ የሚወሰነው በድልድል ነው። አጥሩም የተሠራው ለሊቨርፑል ደጋፊ አይደለም። የዚያን ጊዜ ባለሥልጣናት የኳስ ደጋፊን በሙሉ እንደ አደጋ ያዩት ስለነበር በብዙ ስታዲየሞች አጠሩበት። ስለዚህ "የተቀናቃኜ ደጋፊ ሞተ" ስትሉ፣ ያ ሰው የሞተው የእናንተ ሰው ሊቆምበት ይችል በነበረ ቦታ ላይ ነው። ተራው የእሱ ሆነ። ሌላ ምንም ልዩነት የለም።

ከዚያ በኋላ የመጣውም ለሁላችን ተረፈ። አደጋውን የመረመረው የፍርድ ቤት ዳኛ ቴይለር በጃንዋሪ 1990 ያወጣው ሪፖርት በትልልቅ ስታዲየሞች ሁሉም ተመልካች መቀመጫ እንዲኖረው አሳሰበ። አጥሮቹም ወረዱ። ዛሬ በቴሌቪዥን የምታዩት የእንግሊዝ ስታዲየም፣ አጥር የሌለው፣ ሕፃን ልጅ ከፊት ተቀምጦ ተጫዋች የሚጨብጥበት፣ በእነዚያ ሰዎች ሞት የመጣ ነው። የአርሰናልም፣ የማንቸስተር ዩናይትድም፣ የቼልሲም ደጋፊ እዚያ ላይ ተቀምጧል።

አንድ ተቃውሞ አለ፤ ቀላል አድርጌ አላየውም። "በየቀኑ ስንት ሰው ይሞታል። ለማላውቀው ሁሉ ካለቀስኩ ማስመሰል አይሆንም ወይ?" ትላላችሁ። እውነት አላችሁ፣ ለሁሉም ማልቀስ አይቻልም። እኔ በሥራዬ ለሁሉም ባለቅስ ኖሮ ሁለተኛውን በሽተኛ አላክምም ነበር። ግን እስቲ ራሳችሁን ጠይቁ። የእናንተ ክለብ ደጋፊዎች በሌላ አገር አንድ አውቶቡስ ውስጥ አደጋ ቢደርስባቸው ታዝናላችሁ ወይስ አታዝኑም? ታዝናላችሁ። አንዳቸውንም ግን አታውቁም። ስማቸውን፣ ጠባያቸውን፣ ቤታቸውን አታውቁም። ስለዚህ "አላውቀውም" የሚለው እውነተኛው ምክንያታችሁ አይደለም። ምክንያቱ የማሊያው ቀለም ነው። በሕይወት እያለ ቀለሙ ብዙ ነገር ነው፤ ይገባኛል። ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ ግን መጀመሪያ የምናደርገው ማሊያውን በመቀስ መቅደድ ነው። ደረቱን ማየት አለብን። ከዚያ በኋላ ያለው ሰው ከሌላው ሰው በምንም አይለይም።

የቀለም ጥላቻ ሌላም አደጋ አለው። ስለዚህኛው ብዙ ሲወራ አልሰማም። ተቀናቃኝህ ስለሆነ ስለ እሱ የሚወራውን ክፉ ነገር ማመን ይቀልሃል። ከሂልስቦሮ በኋላ ፖሊስ ጥፋቱን በደጋፊዎቹ ላይ ለጠፈ። ሰክረው፣ ቲኬት ሳይዙ፣ በር ሰብረው ገቡ ተባለ። አንድ ትልቅ ጋዜጣ ይህን በፊት ገጹ "እውነቱ" ብሎ አወጣው። ብዙ የሌላ ክለብ ደጋፊ አመነ። ለምን አያምን? አስቀድሞም አይወዳቸውም ነበር። ቤተሰቦቹ ግን ልጆቻቸውን ቀብረው ሲያበቁ፣ ለስማቸው ደግሞ 27 ዓመት ተከራከሩ። ኤፕሪል 26 ቀን 2016 የፍርድ ቤት ሸንጎ ሰዎቹ ያለ አግባብ እንደተገደሉ ወሰነ። ደጋፊዎቹም ለአደጋው ጥፋት እንደሌለባቸው ተናገረ። በዚያ መሐል ፍርዱን ሳያዩ የሞቱ እናትና አባቶች አሉ።

ይህን ወሬ አላምንም ካሉት ቀዳሚዎቹ እነማን ነበሩ? የሊቨርፑል የቅርብ ባላንጣ የኤቨርተን ደጋፊዎች ናቸው። አንድ ከተማ ነው የሚኖሩት። በአንድ ቤት ውስጥ ወንድም ቀይ (ሊቨርፑል)፣ እህት ሰማያዊ (ኤቨርተን) የሚሆኑበት ብዙ ነው። የሞቱትን ያውቋቸዋል። አደጋው በደረሰ በሳምንቱ ከኤቨርተን ሜዳ እስከ ሊቨርፑል ሜዳ አንፊልድ፣ ፓርኩን አቋርጦ፣ ቀይና ሰማያዊ ስካርፍ እየተቋጠረ ተዘረጋ። ርቀቱ አንድ ማይል ያህል ነው። በ2012 ደግሞ የገለልተኛው ቡድን ሪፖርት እንደወጣ፣ ኤቨርተን በሜዳው ሲጫወት ሁለት ሕፃናት እጅ ለእጅ ተያይዘው ወጡ። ልጅቷ የኤቨርተን ማሊያ 9 ቁጥር፣ ልጁ የሊቨርፑል ማሊያ 6 ቁጥር ለብሰዋል። ያኔ የሟቾቹ ቁጥር 96 ነበር።

"ታዲያ ፉክክሩ አይቀዘቅዝም ወይ?" ትሉኝ ይሆናል። አይቀዘቅዝም። በዚያው በ1989፣ አደጋው ከደረሰ ከ5 ሳምንት በኋላ፣ ሊቨርፑልና ኤቨርተን የዋንጫው ፍጻሜ ላይ ተገናኙ። በተጨማሪ ሰዓት 3 ለ 2 ነው ያለቀው። ማንም ለማንም አልለቀቀም። ደርቢያቸው ብዙ ቀይ ካርድ ያየ ነው።

ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ ከፈለጋችሁ የማንቸስተር ደርቢ አለ። በፌብሩዋሪ 6 ቀን 1958 የማንቸስተር ዩናይትድን ቡድን የያዘው አውሮፕላን ሙኒክ ላይ ተከሰከሰ። 23 ሰዎች ሞቱ፤ 8ቱ ተጫዋቾች ናቸው። ከሟቾቹ አንዱ በጋዜጠኝነት አብሮ የተጓዘው ፍራንክ ስዊፍት ነው። እሱ የማንቸስተር ሲቲ ታላቅ በረኛ ነበር። የሲቲም ሐዘን ነበር ማለት ነው። ይሁን እንጂ ከጊዜ በኋላ በሙኒክ የሚያላግጡ የተቀናቃኝ ደጋፊዎች መጡ። 50ኛው ዓመት መታሰቢያ በ2008 በዩናይትድ ሜዳ ኦልድ ትራፎርድ ላይ ከደርቢው ጋር ሲገጥም ሁሉም ሰው ሰጋ። የሲቲ ደጋፊዎች የአንድ ደቂቃውን የህሊና ጸሎት ያፏጩበታል ተብሎ ተፈራ። አላፏጩም። ስታዲየሙ ሙሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ሲቲ 2 ለ 1 አሸነፈ። በሊግ ጨዋታ ኦልድ ትራፎርድ ላይ ሲያሸንፍ ከ1974 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። የሲቲ ደጋፊ በዚያ ቀን ምን ጎደለበት? ምንም። አክብሮ ገባ፣ አሸንፎ ወጣ፣ ሌሊቱን ሙሉ ጨፈረ።

አህጉራችንም ይህን ሐዘን ያውቀዋል። በሜይ 9 ቀን 2001 ጋና ውስጥ አክራ ላይ ሃርትስ ኦፍ ኦክና አሳንቴ ኮቶኮ ሲጫወቱ፣ የተሸነፈው ወገን ወንበር ወረወረ። ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ተኮሰ። በሮች ተቆልፈው ነበር። 126 ሰዎች ሞቱ። በፌብሩዋሪ 1 ቀን 2012 ደግሞ ግብጽ ውስጥ ፖርት ሰኢድ ላይ የአል ማስሪ ደጋፊዎች ሜዳውን ሰብረው የአል አህሊን ደጋፊዎች አጠቁ። 74 ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ መውጫው ተዘግቶባቸው ነው። በዚያው ምሽት ካይሮ ላይ የአህሊ የዘመናት ባላንጣ ዛማሌክ እየተጫወተ ነበር። ወሬው ሲደርስ ጨዋታው በእረፍት ሰዓት ተቋረጠ። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በ2015፣ ተራው የዛማሌክ ደጋፊዎች ሆነ። 20 የሚሆኑ ወጣቶች ስታዲየም በር ላይ በተተኮሰ አስለቃሽ ጭስና በግፊያ ሞቱ። በር፣ ጭስ፣ ግፊያ። አሟሟቱ አንድ ነው፤ የሚለየው ማሊያው ብቻ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ግን ይህ ነው። የገደልነው እኛ ብንሆንስ? የእናንተ ወገን ደጋፊዎች ለሌላው ሞት ምክንያት ቢሆኑስ? በሜይ 29 ቀን 1985 ብራስልስ፣ ሄይዘል ስታዲየም ውስጥ የሊቨርፑል ደጋፊዎች ወደ ጁቬንቱስ ደጋፊዎች በኃይል ሮጡ። የሸሹት ሰዎች ግድግዳ ላይ ተጨመቁ፤ ግድግዳውም ፈረሰ። 39 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ የጁቬንቱስ ደጋፊ ጣሊያናውያን ናቸው። ስታዲየሙ ያረጀ ነበር፣ የተመልካቹ አደላደልም ስህተት ነበረው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ያ ሩጫ ባይኖር ኖሮ ያ ግድግዳ በዚያች ማታ አይፈርስም ነበር።

ሁለቱ ክለቦች እንደገና የተገናኙት ከ20 ዓመት በኋላ፣ በኤፕሪል 2005 ነው። የአንፊልድ ደጋፊዎች ካርቶን ከፍ አድርገው በጣሊያንኛ "ወዳጅነት" የሚል ቃል ጻፉ። አንዳንድ የጁቬንቱስ ደጋፊዎች አጨበጨቡ። ብዙዎች ግን ጀርባቸውን አዞሩ። ያን ጊዜ በጀርባ አዟሪዎቹ የተናደዱ ሰዎች ነበሩ። እኔ ግን መብታቸው ነው እላለሁ። ሰው ሞቶበት የቆየ ሰው፣ ይቅርታ በተጠየቀበት ሰዓት ይቅር የማለት ግዴታ የለበትም። ከእናንተ ወገን ጥፋት ካለ ሐዘናችሁ ምስጋና መጠበቅ የለበትም። "እኛም አዝነናል" ከማለታችሁ በፊት "እኛ ነን ያደረግነው" በሉ። የመጀመሪያው ያለ ሁለተኛው ባዶ ነው።

አሁን ስለ ብሽሽቅ ልናገር። ብሽሽቅ የኳስ ጨው ነው። 5 ለ 0 ተሸንፎ የመጣን ጓደኛ ማብሸቅ ምንም አይደለም፤ ሲያምር ያምራል። ሞት ግን ብሽሽቅ ውስጥ አይገባም። በጁን 2023 የኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ላይ አንድ ሰው የማንቸስተር ዩናይትድ ማሊያ ለብሶ ዌምብሌይ ስታዲየም መጣ። ጀርባው ላይ የሂልስቦሮ ሟቾች ቁጥር የሆነው 97 እና "አይበቃም" የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ ነበር። ተያዘ፣ 1000 ፓውንድ ተቀጣ፣ ለ4 ዓመት ስታዲየም እንዳይገባ ታገደ። በዚያው ዓመት ማርች ላይ የያኔዎቹ አሰልጣኞች፣ የሊቨርፑሉ ክሎፕና የዩናይትዱ ቴን ሃግ፣ ከጨዋታቸው በፊት አንድ ላይ ሆነው በአደጋዎች ላይ መዝፈን እንዲቆም ደጋፊዎቻቸውን ጠይቀዋል። ሂልስቦሮን የሚዘፍንበት ወገን፣ ሙኒክ ሲዘፈንበት ያመዋል። ሙኒክን የሚዘፍነውም እንዲሁ። ሁለቱም ሕመሙን ያውቁታል። የሚያውቁትን ሕመም ነው ለሌላው የሚያቀብሉት።

ስልካችሁ ላይስ? አደጋ በደረሰ ቁጥር ሻማና ጥቁር ሪባን ፖስት አድርጉ አልላችሁም። ካልተሰማችሁ ዝም በሉ፤ ዝምታ ክብር ነው። በግሩፓችሁ ውስጥ አንዱ በሞቱ ሰዎች የሚያላግጥ ፎቶ ከላከ ግን አትሳቁ፣ ለሌላም አታስተላልፉ። "ይሄ ይቅር" ማለት ይበቃል። ብዙ ጊዜ ሌሎቹም አንድ ሰው እንዲናገር እየጠበቁ ናቸው። ጓደኛችሁ የሌላው ክለብ ደጋፊ ከሆነና አደጋው የእሱን ክለብ ከነካ ደግሞ ደውሉለት። ምን እንደምትሉት ካልጠፋባችሁ ጥሩ፤ ከጠፋባችሁም ደውሉለት።

አንድ የምወደውን ነገር ልጨምር። ሜይ 11 ቀን 1985 ብራድፎርድ ሲቲ ከሊንከን ሲቲ ሲጫወት ስታዲየሙ ተቃጥሎ 56 ሰዎች ሞተዋል። 54ቱ የብራድፎርድ፣ 2ቱ የሊንከን ደጋፊዎች ናቸው። ሊንከን የስታዲየሙን አንድ ክፍል በሁለቱ ሰዎች ስም ጠርቶታል። ከዚያ አደጋ በኋላ ብራድፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የቃጠሎ ጉዳት የሚያጠና ክፍል ተቋቋመ። በዚያ ጊዜ የተቃጠለ እጅን ከፍ አድርጎ የሚይዝ ማንጠልጠያ ተሠራ። ዛሬም በብራድፎርድ ስም ይጠራል፤ በሌሎች አገሮችም ሐኪሞች ይጠቀሙበታል። እጁ የሚታሰርለት በሽተኛ ክለቡን አይጠየቅም።

እናንተም ሐዘናችሁን ወደ ሥራ መለወጥ ትችላላችሁ። ስታዲየም ስትገቡ የእንግዳ ደጋፊዎች በር የት እንደሆነ ተመልከቱ። ጨዋታው ሳያልቅ ተቆልፎ ካያችሁ ለጸጥታ አስከባሪው ንገሩ፤ እሱ ካልሰማችሁ ለክለባችሁ ጻፉ፤ በደጋፊ ማኅበራችሁ ስብሰባ ላይ አንሱት። በ2022 ኢንዶኔዥያ፣ ካንጁሩሃን ስታዲየም 135 ሰዎች ሲሞቱ የእንግዳው ቡድን ደጋፊዎች እንዳይመጡ ተከልክለው ነበር። ሁከት ይፈጥራሉ ተብሎ ነው። የሞቱት በገዛ ሜዳቸው፣ በአስለቃሽ ጭስና ለመውጣት በጠበቡ በሮች ነው። የሟቾቹ ባላንጣ፣ የዚያው የእንግዳው ቡድን የፐርሰባያ ደጋፊዎች በከተማቸው ሱራባያ ተሰብስበው ሻማ አብርተው ጸለዩላቸው። በግፊያ መሐል ራሳችሁን ካገኛችሁ እጃችሁን ደረታችሁ ፊት አድርጉ፤ ለመተንፈሻ ትንሽ ቦታ ይሰጣችኋል። ወደ ኋላ አትግፉ። ከፊታችሁ ያለው ሰው ሲወድቅ ካያችሁ፣ የለበሰው ምንም ይሁን ምን፣ በብብቱ ይዛችሁ አንሱት፤ ከኋላችሁ ላሉትም "ሰው ወድቋል፣ ቁሙ!" ብላችሁ ጩኹ።